በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ፓራሊጋል ሆኖ ለመሥራት፦ ዝግጅቱ፣ ወሰኑና የዕለት ሥራው

በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ጉዳይ በአብዛኛው የሚወሰነው በወረቀት ነው። ግሪን ካርድ፣ ዜግነት ወይም ጥገኝነት የጠየቀ ሰው ጉዳዩን ከሚመረምረው መኮንን ፊት ቢቀርብ እንኳ የሚቀርበው ለአጭር ጊዜ ነው፤ ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ስለ እርሱ የሚናገሩት በፋይሉ ውስጥ ያሉት ቅጾች፣ ማስረጃዎችና የጽሑፍ ቃሎች ናቸው። ይህን ፋይል ከመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ እስከ መጨረሻው ውሳኔ የሚያደራጀውና የሚከታተለው ደግሞ ብዙውን ጊዜ በጠበቃ ሥር የሚሠራው ፓራሊጋል ነው። ብዙ ሰው ይህን ሥራ ቅጽ ከመሙላት ጋር አንድ አድርጎ ያየዋል። በእኔ እምነት ግን የሥራው ልብ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ በፋይሉ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ስም፣ ቀንና አድራሻ ደንበኛው ከኖረው ሕይወት ጋርና እርስ በርሱ እንዲስማማ ማድረግ ነው። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ ይህን ሥራ ለመጀመር ለሚያስቡና በቅርቡ ለጀመሩ አማርኛ ተናጋሪዎች የተዘጋጀ ነው።

ወሰኑን አስቀድሞ ማወቅ

ከሁሉ በፊት መጨበጥ ያለበት ፓራሊጋል ጠበቃ አለመሆኑ ነው። በፌዴራል ደንብ መሠረት በኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቶችና በኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ሰውን መወከል የሚችለው ፈቃዱ የጸና ጠበቃ፣ በፍትሕ ሚኒስቴር ዕውቅና የተሰጠው ተወካይ፣ ወይም ደንቡ በጠባቡ ከዘረዘራቸው ጥቂት ሌሎች ሰዎች አንዱ ነው። ያው ደንብ የአንድን ሰው ጉዳይ ፍሬ ነገርና የሚመለከተውን ሕግ አጥንቶ ምክር መስጠትንና ከዚያ ጋር ተያይዞ ወረቀት ማዘጋጀትን የሕግ ሥራ አድርጎ ይቆጥረዋል። ስለዚህ የትኛው ማመልከቻ እንደሚሻል መምረጥ፣ ለአንድ ጥያቄ ምን ቢመለስ እንደሚበጅ መንገር፣ የጉዳዩን ውጤት መተንበይና የጠበቃ ክፍያን መወሰን የፓራሊጋል ድርሻ አይደሉም። ቃለ መጠይቅ ማድረግ፣ ማስረጃ መሰብሰብ፣ ቅጽና ደብዳቤ ማርቀቅ፣ ሕግ ፈልጎ ለጠበቃው ማቅረብና ቀነ ገደብ መከታተል ግን ጠበቃው እየተቆጣጠረ ሊሠራቸው የሚችላቸው ናቸው። የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር ሞዴል የሥነ ምግባር ደንብ 5.3 ለዚህ ቁጥጥር ኃላፊነቱን የሚጥለው በጠበቃው ላይ ነው።

ይህ ወሰን በወረቀት ላይ ግልጽ ቢሆንም በሥራ ላይ በየቀኑ ይፈተናል። ለምሳሌ ለዜግነት የሚያመለክት ደንበኛ «አንድ ጊዜ ታስሬ ነበር፣ ክሱ ግን ተሰርዞልኛል፤ ታስረው ያውቃሉ ለሚለው የለም ብዬ ልመልስ?» ብሎ ይጠይቃል። ፓራሊጋሉ «አዎ» ወይም «አይ» ብሎ ከመለሰለት የሕግ ምክር ሰጥቷል። ትክክለኛው አካሄድ ጥያቄውን እንደተጻፈ አንብቦ ማስረዳት፣ የተሰረዘም ቢሆን የሆነውን ሁሉ ከነቀኑና ከነቦታው መመዝገብ፣ የፍርድ ቤቱን የውሳኔ ግልባጭ እንዲያመጣ መጠየቅና ጉዳዩን በዚያው ቀን ለጠበቃው ማሳወቅ ነው። ለደንበኛው «ሁሉንም ይንገሩኝ፤ ምን ማለት እንደሆነ ጠበቃው ያስረዱዎታል» ማለት እርሱን ማራቅ አይደለም፤ ይልቁንም የሚገባውን አገልግሎት ከሚገባው ሰው እንዲያገኝ ማድረግ ነው።

በተለይ በማኅበረሰባችን ውስጥ ይህን ወሰን የሚፈታተነው ዝምድናና ይሉኝታ ነው። ሰው በሠርግም በለቅሶም ቤት ቀርቦ «አንቺ ታውቂበታለሽ፣ ይቺን ብቻ ሙይልኝ» ይላል። ከቢሮው ውጭ፣ ጠበቃ ሳያየው፣ ገንዘብ ተቀብሎ እንዲህ ያለ ሥራ መሥራት ያለ ፈቃድ የጥብቅና ሥራ መሥራት ሆኖ በብዙ ግዛቶች ያስቀጣል፤ ከዚያም በላይ በስህተት የተሞላ ቅጽ የሚያስከትለው ጉዳት የሚደርሰው በዘመዱ ላይ ነው። ደንበኛ ላመጣ ፓራሊጋል ከጠበቃው ክፍያ ላይ ድርሻ መቀበልም በጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ የተከለከለ ነው።

ትምህርትና መነሻ

ፓራሊጋል ለመሆን የሚያስፈልግ የፌዴራል ፈቃድ የለም። አብዛኞቹ ቀጣሪዎች የሁለት ዓመት የኮሌጅ ዲግሪ፣ ወይም በሌላ ትምህርት የተገኘ የባችለር ዲግሪ ላይ የተጨመረ የፓራሊጋል ሰርተፍኬት ይጠይቃሉ፤ የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር ያጸደቃቸው የፓራሊጋል ትምህርት ፕሮግራሞችም አሉ። ካሊፎርኒያ ፓራሊጋል ተብሎ ለመጠራት መሟላት ያለበትን ትምህርትና ልምድ በሕግ ስለወሰነ፣ እዚያ መሥራት የሚፈልግ ሰው ይህን አስቀድሞ ማጣራት ይኖርበታል። በ1975 የተቋቋመው ናላ የተባለው የፓራሊጋሎች ማኅበር የሚሰጠው ፈተና ግዴታ ባይሆንም በሥራ ማመልከቻ ላይ ክብደት አለው።

በአገር ቤት ሕግ የተማረ፣ በመምህርነት ወይም በጤና ሙያ ያገለገለ፣ በአስተርጓሚነት የሠራ ሰው ያ ልምድ እዚህ ከንቱ ነው ብሎ ማሰብ የለበትም። ሰውን በትዕግሥት ማዳመጥና የሰሙትን በትክክል መጻፍ በሰርተፍኬት ትምህርት ብቻ አይገኙም። የጎደለው የሕጉ እውቀት ነው፤ እርሱን ደግሞ በሥርዓት ካነበቡ ማሟላት ይቻላል። የኢሚግሬሽን ሕግ መሠረቱ በ1952 የወጣውና ብዙ ጊዜ የተሻሻለው የኢሚግሬሽንና የዜግነት ሕግ ነው። ከ2003 ጀምሮ ደግሞ ሥራው በተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ተከፋፍሏል። ማመልከቻ የሚመረምረው ዩኤስሲአይኤስ፣ በአገር ውስጥ ሕጉን የሚያስከብረው አይስ፣ በድንበርና በኤርፖርት የሚቆጣጠረው ሲቢፒ በአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስቴር ሥር ሲሆኑ፣ የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት በፍትሕ ሚኒስቴር፣ ኤምባሲዎችና የቪዛ ማዕከሉ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሥር ናቸው። ጀማሪ አንድ ደብዳቤ ሲደርሰው መጀመሪያ ሊጠይቀው የሚገባው «ይህ ከየትኛው መሥሪያ ቤት የመጣ ነው?» የሚለውን ነው፤ የደንበኛው መብት፣ የመልሱ ጊዜና መልሱ የሚላክበት ቦታ ሁሉ የሚወሰኑት በዚያ ነውና።

ለራስ ጥናት ከሁሉ የሚጠቅመው የቅጾቹን መመሪያ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማንበብ ነው። አይ-130 ለቤተሰብ ጥያቄ፣ አይ-485 በአገር ውስጥ ሆኖ ግሪን ካርድ ለመጠየቅ፣ አይ-864 ለስፖንሰርነት፣ አይ-765 ለሥራ ፈቃድ፣ አይ-589 ለጥገኝነት፣ ኤን-400 ለዜግነት የሚያገለግሉ ናቸው። የእነዚህን መመሪያዎች በሚገባ ያነበበ ሰው በቤተሰብና በጥገኝነት ላይ ለሚያተኩር ቢሮ ከመጀመሪያው ቀን ይጠቅማል። በቀጣሪ በኩል የሚቀርቡ ማመልከቻዎች ግን የተለየ ዘርፍ ናቸው። እዚያ የሠራተኛ ሚኒስቴር ሒደትና ኤች-1ቢ የተባለው የባለሙያዎች የሥራ ቪዛ ዓመታዊ ጣሪያ፣ ማለትም 65,000ው መደበኛ ኮታና በአሜሪካ ማስተርስና ከዚያ በላይ ለተማሩ የተጨመረው 20,000፣ የዓመቱን የሥራ መርሐ ግብር ይወስናሉ።

የመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ

ጥሩ ፋይል የሚጀምረው ከጥሩ ቃለ መጠይቅ ነው። ቅጹን ይዞ ከጥያቄ ቁጥር አንድ እየጠየቁ መሙላት የተለመደ ቢሆንም እኔ አልመክረውም። ሰው ሕይወቱን የሚያስታውሰው በቅጽ ቅደም ተከተል አይደለምና። በምትኩ ባዶ ወረቀት ላይ የጊዜ መስመር ያስምሩ፤ የት ተወለዱ፣ የት ተማሩ፣ መቼ አገቡ፣ መቼ ከአገር ወጡ፣ በየት በኩል አልፈው መጡ፣ ከዚያ ወዲህ የት የት ኖሩ፣ የት የት ሠሩ እያሉ በቅደም ተከተል ይጠይቁ። ለብዙዎቹ ቅጾች የአምስት ዓመት የመኖሪያና የሥራ ታሪክ ያስፈልጋል፤ በመካከሉ የወራት ክፍተት ካለ በዚያ ጊዜ ሰውየው የት እንደነበር ሳይጠየቅ መታለፍ የለበትም።

ቀጥሎ የሚጠየቀው ከዚህ በፊት ለአሜሪካ መንግሥት የተሰጠ ማንኛውም መረጃ ነው። ደንበኛው ለቪዛ አመልክቶ ነበር? ዲቪ ሞልቶ ነበር? ሌላ ሰው ሞልቶለት ነበር? በዲቪ ማመልከቻ ላይ የትዳር ጓደኛንና ልጆችን ሁሉ አለመዘርዘር ጉዳዩን ውድቅ ሊያደርግ የሚችል ነገር ነው፤ በሌሎች ማመልከቻዎችም ከዓመታት በፊት ያላገባ ተብሎ የተጻፈ ሰው ዛሬ ከዚያ በፊት የተፈጸመ ጋብቻ ይዞ ቢመጣ መኮንኑ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ያያቸዋል። የቀድሞው ማመልከቻ ቅጂ ከሌለ ጠበቃው በመረጃ ነጻነት ሕግ መሠረት ፋይሉ እንዲጠየቅ ሊወስን ይችላል። ይህ ጊዜ ቢወስድም ሳያውቁ ከራስ ፋይል ጋር ከመጣረስ ያድናል።

ለዜግነት ማመልከቻ ደግሞ ጉዞ በጥንቃቄ ይቆጠራል። ደንበኛው በአጠቃላይ ደንቡ በግሪን ካርድ አምስት ዓመት፣ ከአሜሪካዊ የትዳር ጓደኛው ጋር አብሮ የሚኖር ከሆነ ሦስት ዓመት መቆየት አለበት። በአምስቱ ዓመት ውስጥ ቢያንስ 30 ወር በአካል በአሜሪካ መገኘት ይጠበቅበታል፤ ከስድስት ወር በላይ የቆየ አንድ ጉዞ ደግሞ ተከታታይ ነዋሪነቱን ጥያቄ ውስጥ ያስገባል። ስለዚህ «አንድ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ» በሚል መልስ መርካት አይገባም፤ ፓስፖርቱን ገጽ በገጽ ገልጦ እያንዳንዱን ማኅተም ከደንበኛው ትውስታ ጋር ማመሳከር ይገባል።

ስም፣ ቀንና ትርጉም

አማርኛ ተናጋሪ ፓራሊጋል ከሌላው የሚበልጥበት ቦታ ይህ ነው፤ ሳይጠነቀቅ ቢቀር ትልቁ ጉዳት የሚደርሰውም እዚሁ ነው። የኢትዮጵያ ሰነዶች ላይ ያለው ቀን በራሳችን አቆጣጠር የተጻፈ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ፣ ማለትም ፈረንጆቹ አዲስ ዓመታቸውን እስኪጀምሩ ድረስ ሰባት ዓመት ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ስምንት ዓመት ነው። ታኅሣሥ 15 ቀን 1985 የተወለደ ሰው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ዲሴምበር 24 ቀን 1992 የተወለደ ሲሆን፣ ጥር 15 ቀን 1985 የተወለደው ግን ጃንዋሪ 23 ቀን 1993 ነው። ጳጉሜን ስድስት ቀን ከሆነች በኋላ ደግሞ አዲሱ ዓመት የሚገባው ሴፕቴምበር 12 ስለሆነ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ድረስ ቀኖቹ በአንድ ይገፋሉ። በግምት ሰባት ወይም ስምንት ቀንሶ ወይም ደምሮ መጻፍ ስለማያዋጣ ቀኑን በአስተማማኝ መቀየሪያ አስልተው፣ ከፓስፖርቱ ጋር አመሳክረው፣ ልዩነት ካለ ለጠበቃው ያሳዩ። ፓስፖርቱ ላይ ያለው ቀን ስህተት ሆኖ ከተገኘ በራስ ሥልጣን «ማስተካከል» ፈጽሞ አይገባም፤ እንዴት እንደሚገለጽ የሚወስነው ጠበቃው ነው።

በስምም በኩል እንዲሁ ነው። የእኛ ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ሆኖ ሳለ ቅጹ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ አንዱ ሰነድ የአባትን፣ ሌላው የአያትን ስም በዚያ ቦታ ያሰፍራል። አጻጻፉም በላቲን ፊደል በየሰነዱ ይለያያል። ፓስፖርቱ ላይ እንዳለ ይጻፉ፤ ሌሎቹን አጻጻፎች በሙሉ ደግሞ «ሌሎች የተጠቀሙባቸው ስሞች» በሚለው ቦታ ይዘርዝሩ። ባልና ሚስት የተለያየ የቤተሰብ ስም ያላቸው፣ ልጅም ከእናቱ ጋር ስም የማይጋራ መሆኑ ለእኛ የታወቀ ቢሆንም ለመኮንኑ እንግዳ ሊሆንበት ስለሚችል በመሸኛ ደብዳቤው ውስጥ በሁለት ዓረፍተ ነገር መግለጽ ይጠቅማል።

በእንግሊዝኛ ያልተጻፈ ማንኛውም ሰነድ ከሙሉ ትርጉም ጋር መቅረብ አለበት፤ ተርጓሚውም ትርጉሙ የተሟላና ትክክለኛ መሆኑን፣ ከዚያ ቋንቋ ወደ እንግሊዝኛ ለመተርጎም ብቃት ያለው መሆኑን በፊርማው ያረጋግጣል። ሙሉ ማለት ማኅተሙን፣ በዳር ላይ በእጅ የተጻፈውን ማስታወሻና የማይነበበውን ክፍል ጭምር ማለት ነው። የማይነበብ ነገር «አይነበብም» ተብሎ ይጻፋል እንጂ በግምት አይሞላም። የልደት ወይም የጋብቻ ምስክር ወረቀት ጭራሽ የማይገኝ ከሆነ ደንቡ ደረጃ አስቀምጧል፤ መጀመሪያ ሰነዱ አለመኖሩ ይረጋገጣል፣ ቀጥሎ እንደ ጥምቀት ወይም እንደ ትምህርት ቤት መዝገብ ያለ ሁለተኛ ደረጃ ማስረጃ ይቀርባል፣ እርሱም ከጠፋ ነገሩን በቀጥታ የሚያውቁና የጉዳዩ ባለቤት ያልሆኑ ቢያንስ ሁለት ሰዎች የምስክርነት ቃል ይሰጣሉ።

የጥገኝነት ቃል

ከሥራው ሁሉ ከባዱ የጥገኝነት ጠያቂን ቃል መጻፍ ነው። መከራ ያየ ሰው ታሪኩን በቅደም ተከተል አይናገርም፤ ከመካከል ይጀምራል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ አንዳንዱን ይዘላል። በአንድ ቀን ለመጨረስ መጣደፍ ደንበኛውንም ይጎዳል፣ ቃሉንም ያበላሻል። አጫጭር ቀጠሮዎችን ይያዙ፣ ክፍት ጥያቄ ይጠይቁ፣ ቀኑን በትክክል ካላስታወሰ በግድ ቀን አያስይዙ፤ «ክረምት ላይ፣ ትምህርት ሊከፈት ሲል» ማለት እውነት ከሆነ እንዲያው ይጻፍ። በእርሱ አፍ ያልወጣ ቃል፣ ከሌላ ሰው ማመልከቻ የተወሰደ ዓረፍተ ነገር ወይም «ይህ ቢጨመር ይጠነክራል» ተብሎ የገባ ነገር በቃሉ ውስጥ መኖር የለበትም። ሆን ተብሎ በፍሬ ነገሩ ላይ በሐሰት የተሠራ የጥገኝነት ማመልከቻ በሕጉ መሠረት ሰውየውን ከኢሚግሬሽን ጥቅሞች ለዘለቄታው ሊያግደው ይችላል። ከመፈረሙ በፊት ሙሉው ቃል በሚገባው ቋንቋ ይነበብለት፤ ያነበበለትም ሰው ይህንኑ በፊርማው ያረጋግጥ። በጥገኝነት ቢሮ በሚደረገው ቃለ መጠይቅ ላይ እንግሊዝኛ የማይችል አመልካች አስተርጓሚ ይዞ መቅረብ ያለበት ራሱ ስለሆነ ይህም ቀደም ብሎ መዘጋጀት አለበት።

እንዲህ ያለውን ታሪክ በየቀኑ መስማት በሰሚውም ላይ ይከብዳል። የሰሙትን ደግሞ ለቤተሰብ እንኳ መናገር አይቻልም፤ በትንሽ ማኅበረሰብ ውስጥ ስም ሳይጠራ የተነገረ ታሪክም ባለቤቱ ይታወቃል። ስለዚህ ሸክሙን በቢሮው ውስጥ ከጠበቃው ጋር ወይም ከባለሙያ ጋር የሚያወሩበትን መንገድ ከመጀመሪያው ያበጁ።

ፋይሉን ማቀናጀትና ቀነ ገደብን መጠበቅ

ቅጽ ከመላኩ በፊት የእትም ቀኑን ይመልከቱ፤ በየገጹ ግርጌ ተጽፏል፣ መሥሪያ ቤቱ የሚቀበለውም የተወሰነ እትም ነው። ክፍያውንና የመላኪያ አድራሻውን ባለፈው ወር ከተላከ ፋይል ላይ አይቅዱ፤ በሚላክበት ቀን ከመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ያረጋግጡ። ያልተፈረመ ወይም ክፍያው የተሳሳተ ማመልከቻ ይመለሳል፤ የተመለሰ ማመልከቻ ደግሞ መጀመሪያ የገባበት ቀን አይያዝለትም። የጠበቃው መወከያ ጂ-28 ከፊት፣ ከዚያ መሸኛ ደብዳቤ፣ ቅጹና በቁጥር የተለዩ ማስረጃዎች ይቀመጣሉ። በአይ-864 ላይ ከሁሉ የሚሳሳተው የቤተሰብ ቁጥር ነው። ስፖንሰሩ በአጠቃላይ ከፌዴራሉ የድህነት መለኪያ 125 በመቶ የሚደርስ ገቢ ማሳየት ስላለበት፣ የሚመጣው ሰው፣ በግብር ማስታወቂያ ላይ ያሉት ጥገኞችና ቀደም ሲል በስፖንሰርነት የተፈረመላቸው ሰዎች ሁሉ ተቆጥረው መጠኑ በዚያ ይሰላል።

ቀነ ገደብን በአንድ ሰው ትውስታ ላይ መተው አደገኛ ነው። በቢሮው የጋራ ቀን መቁጠሪያ ላይ ማስጠንቀቂያው በሦስት ደረጃ ይግባ፤ ለዝግጅት፣ ለጠበቃው ምርመራና ለመላኪያ። ጥገኝነት በአጠቃላይ ከመጨረሻው የመግቢያ ቀን በአንድ ዓመት ውስጥ መጠየቅ አለበት፣ ጠባብ ልዩ ሁኔታዎች ቢኖሩም። በጋብቻ የሁለት ዓመት ግሪን ካርድ ያገኙ ባልና ሚስት የካርዱን የጊዜ ገደብ ለማስነሣት የሚቀርበውን ቅጽ፣ አይ-751ን፣ በጋራ የሚያስገቡት ካርዱ ከማለቁ በፊት ባሉት 90 ቀናት ውስጥ ነው። የዲቪ ዕድለኛ ጉዳዩ በበጀት ዓመቱ መጨረሻ፣ ሴፕቴምበር 30፣ ካላለቀ ዕድሉ ያልፋል። አድራሻ የቀየረ ደንበኛም በ10 ቀን ውስጥ ለዩኤስሲአይኤስ ማሳወቅ አለበት፤ በፍርድ ቤት ጉዳይ ያለው ከሆነ ለፍርድ ቤቱም ለብቻው ያሳውቃል፤ መጥሪያ ወደ አሮጌ አድራሻ ሄዶ በሌለበት የመባረር ትእዛዝ ሊሰጥበት ይችላልና።

ተጨማሪ ማስረጃ የሚጠይቅ ደብዳቤ ሲመጣ ጀማሪ ይደነግጣል። መደንገጥ አያስፈልግም፤ ሆኖም የመልሱ ጊዜ ከ84 ቀን የማይበልጥና የማይራዘም መሆኑን፣ ውድቅ የማድረግ ሐሳብን የሚገልጽ ደብዳቤ ከሆነ ደግሞ ከ30 ቀን የማይበልጥ መሆኑን ማወቅ ይገባል፤ በፖስታ ለተላከ ደብዳቤ የሚጨመሩት ጥቂት ቀናት ላይም መመካት አይገባም። መልሱ የሚላከው በአንድ ጊዜ ተጠቃሎ ነው፤ ከፊሉን ዛሬ፣ ከፊሉን በኋላ መላክ ያለው ማስረጃ ታይቶ ውሳኔ ይሰጥ ብሎ እንደመጠየቅ ይቆጠራል። ደብዳቤውን አንቀጽ በአንቀጽ ከፋፍለው፣ ለእያንዳንዱ ጥያቄ የትኛው ማስረጃ መልስ እንደሚሆን በሰንጠረዥ አስፍረው ለጠበቃው ያቅርቡ።

ሥራ ማግኘትና ከዚያ ወዲያ

ልምድ የሌለው ሰው በቀላሉ የሚገባበት በር ለትርፍ ያልተቋቋሙ ድርጅቶች የሚያዘጋጁት የዜግነት ማመልከቻ ቀን ነው። እዚያ በጎ ፈቃደኛ ሆኖ ኤን-400 በጠበቆች ቁጥጥር የሞላ ሰው ለሥራ ሲያመለክት የሚያሳየው ነገር አለው። በማመልከቻው ላይ «አማርኛ እችላለሁ» ብቻ ከማለት ቀን መቀየር፣ ሰነድ መተርጎምና ቃለ መጠይቅ መያዝ እንደሚችሉ በተግባር ይግለጹ፤ ትግርኛ ወይም ኦሮምኛ የሚችል ሰው ይህንንም ለይቶ ይጻፍ። በቅጥር ቃለ መጠይቅ ጊዜ ጠበቃው ፋይሎችን ከመላካቸው በፊት ራሳቸው ያነቡ እንደሆነ ይጠይቁ። ፈርመው ብቻ የሚልኩ ከሆነ ያን ቢሮ እንዲተዉት እመክራለሁ፤ ኃላፊነቱ የጠበቃው ቢሆንም ጉዳቱ በደንበኛው ላይ፣ ጸጸቱም በእርስዎ ላይ ይወድቃልና።

በዚህ ሥራ ቆይቶ ሰውን ራሱ መወከል የሚፈልግ፣ የሕግ ትምህርት ቤት መግባት ግን የማይችል ሰው አንድ ሕጋዊ መንገድ አለው። ይኸውም በፍትሕ ሚኒስቴር ዕውቅና የተሰጠው ተወካይ መሆን ነው። ከፊል ዕውቅና ያለው ተወካይ በአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች ፊት፣ ሙሉ ዕውቅና ያለው ደግሞ በተጨማሪ በኢሚግሬሽን ፍርድ ቤትና በይግባኝ ቦርዱ ፊት ሰውን መወከል ይችላል። ዕውቅናው የሚቆየው ሦስት ዓመት ሲሆን ይታደሳል፤ ማመልከቻውን ኢኦአይአር-31ኤ በተባለው ቅጽ የሚያቀርበው ግለሰቡ ሳይሆን የሚሠራበት ወይም በበጎ ፈቃድ የሚያገለግልበት ዕውቅና ያለው ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ነው። በግል የጠበቃ ቢሮ የሚሠራ ፓራሊጋል በዚያ ቢሮ በኩል ይህን ማግኘት ስለማይችል፣ ሐሳቡ ያለው ሰው ሥራ ሲፈልግ ድርጅቱ በፍትሕ ሚኒስቴር ድረ ገጽ ላይ በሚወጣው የዕውቅና ዝርዝር ውስጥ መኖሩን አስቀድሞ ይመልከት፤ ሠራተኞቹንም ለዕውቅና ያሠለጥን እንደሆነ በቅጥሩ ወቅት ይጠይቅ።